መልኩ ሳይለወጥ ፍቺው የተለወጠ ቃል፤ የጥንት እንግሊዝኛ ቃላት ትርጉም እንዴት እንደ ተመረመረ

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ ጥንታውያንና ስለ እንግዶች የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ አስቀድመው በሐሳቤ የመጡት ዛሬ አንድም እንግሊዛዊ የማይናገራቸው፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ገጽ ላይ ብቻ የቀሩ ቃላት ነበሩ። እነዚህ በርግጥ ለጨዋታ ይጥማሉ። ይሁን እንጂ በትርጉም ሥራ ላይ ለምንገኝ ሰዎች እምብዛም ጉዳት አያመጡብንም። ተርጓሚ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ብዕሩን አስቀምጦ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል፤ ቢጨንቀውም መጨነቁን ያውቃል። የሚያሳስተው ወዳጅ መስሎ የሚመጣው ቃል ነው። ፊደሉም ድምፁም ዛሬ እንደምናውቀው ሆኖ፣ በተጻፈበት ዘመን ግን ሌላ ነገር ይናገር የነበረውን ቃል ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። በሥራው ገና ጀማሪ በነበርሁበት ጊዜ፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ለሟች ወዳጁ ለሮበርት ሌቬት የጻፈውን የሐዘን ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። ሌቬት በጆንሰን ቤት የኖረ፣ የሐኪምነት ፈቃድ ሳይኖረው የለንደንን ድኾች እየዞረ ያክም የነበረ፣ በ1782 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በግጥሙ ውስጥ ጆንሰን ወዳጁን «ኦፊሸስ» ይለዋል። ቃሉ በዛሬው እንግሊዝኛ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ በማያገባው ገብቶ የሚፈተፍት ሰው ማለት ነው። እኔም «በሰው ጉዳይ ጥልቅ የሚል» ብዬ አስቀመጥሁት። ሰው ለሟች ወዳጁ እንጉርጉሮ ሲጽፍ እንዲህ ያለውን ነቀፌታ ለምን እንደሚጨምር ቢከነክነኝም፣ እንግሊዞች በሐዘንም ላይ ይቀልዳሉ ብዬ አለፍሁት። ረቂቁን ያዩልኝ አንድ አረጋዊ የሥራ ባልደረባ ከቃሉ ሥር በቀይ እርሳስ አሥምረው፣ በኅዳጉ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱልኝ፤ «የየትኛው ዘመን ቃል ነው?» የምትል።

መልሱን ያገኘሁት ራሱ ጆንሰን ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው። በመጀመሪያ የሰጠው ፍቺ ደግ፣ ለሰው በጎ አገልግሎት የሚያደርግ የሚል ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው ክፉ ፍቺ ከዚያ ቀጥሎ ይገኛል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መልካሙ ሞተና ክፉው ብቻ ቀረ። እኔ ግን ዕድሜውን ሙሉ ድኾችን ሲረዳ የኖረውን ሰው በመቃብሩ ላይ ሰድቤው ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር በእንግሊዝኛ ውስጥ የበዛበት ምክንያት በቋንቋው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ወግቶ ከያዘ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የቤተ ክህነቱና የትምህርቱ ደግሞ እንደ ቀድሞው ላቲን ነበር። እንግሊዝኛ የባላገሩና የገበያው ቋንቋ ሆኖ ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ ወደ ክብሩ ሲመለስ፣ ከነባር ቃላቱ ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ ያልጠፉትም ከፈረንሳይኛው ጋር ቦታ እየተሻሙ ሥራቸውን ለውጠዋል። «ሚት» ዛሬ ሥጋ ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ማናቸውም የሚበላ ነገር ነበር። «ዲር» ዛሬ አጋዘን ነው፤ ጥንት እንስሳ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። «ስታርቭ» ዛሬ በረኃብ መሠቃየት ነው፤ ቀድሞ በምንም ምክንያት ይሁን መሞት ማለት ነበር። «ገርል» ወደ እንግሊዝኛ ጽሑፍ በገባችበት ዘመን ወንድም ሴትም ሳይለይ ልጅ ሁሉ የሚጠራባት ቃል ነበረች። «ሲሊ» ብፁዕ፣ ደስተኛ የነበረው ቃል ቀስ በቀስ የዋህ፣ ከዚያ የሚታዘንለት፣ ከዚያ ደካማ፣ በመጨረሻም ቂል ሆነ። «ናይስ» ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ፤ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ሲመጣ አላዋቂ ማለት ነበር፤ ቀጥሎ ሞኝ፣ ቀጥሎ ምርጥ ካልሆነ የማይወድ፣ ቀጥሎ ረቂቅና ጥንቁቅ ሆነና ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ደስ የሚያሰኝ ለሚባል ነገር ሁሉ የሚወረወር ቃል ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ የ«ሎርድ» ታሪክ ነው። ጌታ የሚባለው ይህ ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ «ህላፍወርድ» ነበር፤ የዳቦ ጠባቂ ማለት ነው። እመቤቲቱ «ሌዲ» ከዳቦ አቡኪ የመጣች ናት። በቤቱ የሚያድረው አሽከር ደግሞ ዳቦ በሊታ ይባል ነበር። የጌታና የሎሌ ግንኙነት በእንጀራ መታሰሩን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ባላባታዊ ወታደር የምንለው «ናይት»ም ከትንሽ ነገር የተነሣ ነው። በመጀመሪያ ወንድ ልጅ፣ ከዚያ አገልጋይ፣ ከዚያ የንጉሥ ወታደር፣ ኋላም የማዕርግ ስም ሆነ። የእኛ «ጨዋ» የሄደው መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል የሚያነብ ሰው ጨዋ ሲል የሚያገኘው የንጉሡን ጭፍራ ነው፤ የቤተ ክህነት ሰው ጨዋ ሲል ፊደል ያልቈጠረውን ሕዝባዊ ሰው ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በመንገድ ላይ ጨዋ የሚባለው ግን ሥርዓት ያለው፣ አንደበቱ የታረመ ሰው ነው። የዛሬውን ፍቺ ይዞ ዜና መዋዕሉን የሚተረጕም የውጭ አገር ሰው የንጉሡን ጦር በሙሉ በመልካም ጠባይ የታወቀ ማኅበር ያደርገዋል። እኛም በእንግሊዝኛው ላይ የምንፈጽመው ስሕተት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው ሕዝብ ሁሉ በየዕለቱ በሚያነበው መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ነው። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጕሞ በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም በየቤቱ ሲነበብ ኖሯል። የመጽሐፉ ቃላት በየሳምንቱ ከመድረክ ሲሰሙ ስለኖሩ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ይመስለዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 የተነገረውን መሥዋዕት ይህ ትርጉም «ሚት» መሥዋዕት ይለዋል። የዛሬው አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ሥጋ ነው። ነገር ግን ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ቢመረምሩት መልካም ዱቄት፣ ዘይትና ዕጣን እንጂ አንዲት ጉርሻ ሥጋ የለበትም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህ ችግር አልደረሰበትም፤ እርሱ የሚያነበው «የእህል ቍርባን» የሚል ነውና። የ1611 ተርጓሚዎች ግን አልተሳሳቱም። በዘመናቸው ምግብ ሁሉ «ሚት» ስለሚባል ትክክለኛውን ቃል ነው የጻፉት፤ ቃሉ ነው ከእግራቸው ሥር የሸሸው። በ1885 ዓ.ም. የታተመው የታረመው ትርጉም ይህን ለማቃናት ከቃሉ መጨረሻ አንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ፣ ዱቄት የሚል ፍቺ ያለውን «ሚል» አስገባ።

የ«ሌት» ነገር ከዚህም ይብሳል። ዛሬ ቃሉ መፍቀድ፣ መተው ነው። በ1611ዱ ትርጉም ግን ለምሳሌ በሁለተኛይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ መከልከል፣ ማገድ ማለት ሆኖ ይገኛል። አንዱ ቃል ተገልብጦ አይደለም፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ነበሩ፤ በዘመን ብዛት ድምፃቸው አንድ ሆነና መፍቀድና መከልከል በአንድ ስም ተጠሩ። ቋንቋ እንዲህ ያለውን ግራ መጋባት ብዙ ስለማይታገሥ ከሁለቱ አንዱ መሞት ነበረበትና የሞተው ከልካዩ ነው። ሆኖም መቃብሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በእንግሊዝ ፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ባለ ፓስፖርቱ ያለ እንቅፋት እንዲያልፍ በሚጠይቀው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቃሉ በአሮጌ ፍቺው ዛሬም ይታያል፤ በቴኒስ ጨዋታም ኳሷ መረቡን ነክታ ስታልፍ የሚጠራው ይኸው ቃል ነው። «ፕሪቬንት» ደግሞ ዛሬ መከላከል ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ከላቲን ሥሩ እንደ ወረደ መቅደም፣ ፊት ፊት መሄድ ነበር። በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ሕያዋን ሙታንን አይቀድሙም የሚለውን ትምህርት የዛሬው እንግሊዛዊ ሕያዋን ሙታንን አይከለክሉም ብሎ ቢያነበው ማን ይፈርድበታል? በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመውን አዲስ ትርጉም ያዘጋጁት ሊቃውንት በመቅድማቸው ላይ በ1611ዱ መጽሐፍ ውስጥ ፍቺያቸው በእጅጉ የተለወጠ ቃላት ከ300 እንደሚበልጡ ገልጸዋል። ይህ የእንግዶቹ ቃላት ቍጥር አይደለም፤ አንባቢው ዐውቃቸዋለሁ ብሎ የሚያልፋቸው ቃላት ቍጥር ነው።

እንግዲህ አንድ ቃል በአንድ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? እንግሊዞች ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ እስኪያገኙ ድረስ ወደ ሦስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወስዶባቸዋል። የመጀመሪያው እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት በ1604 ዓ.ም. የታተመው የሮበርት ኮድሪ መጽሐፍ ነው። ኮድሪ የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ መጽሐፉ ወደ 2,500 የሚሆኑ ቃላት ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው እትም ተርፎ የሚታወቀው አንድ ቅጂ በኦክስፎርድ የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ዓላማው ከዕብራይስጥ፣ ከግሪክ፣ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡትን አስቸጋሪ ቃላት ለወይዛዝርትና ላልተማሩ ሰዎች ማስረዳት ነበር። ተከታዮቹም ከመቶ ዓመት በላይ በዚሁ ፈለግ ሄዱ። መዝገበ ቃላት የእንግዳ ቃላት መዝገብ ሆነ፤ እንደ «ሌት»ና እንደ «ሚት» ያሉትን ማን ይፈታል? ሁሉ ያውቃቸዋል ይባል ነበር።

ይህን ልማድ በሰፊው ያናወጠው ያው ጆንሰን ነው። በ1746 ዓ.ም. ከለንደን መጻሕፍት አሳታሚዎች ጋር ተዋውሎ፣ ስድስት ጸሐፍት ቀጥሮ ሥራውን ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ጸሐፊዎች የተሻሉትን እየመረጠ ያነባል፤ ደስ ያለው ቃል ላይ ሲደርስ በእርሳስ ያሠምርበታል፤ ጸሐፍቱ ቃሉን ካለበት ዐረፍተ ነገር ጋር በቍራጭ ወረቀት ይገለብጣሉ። መጽሐፍ ያዋሱት ወዳጆቹ መጽሐፋቸው ተጨማልቆ ሲመለስላቸው ማዘናቸው አልቀረም። በ1755 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላት ወደ 42,000 ቃላትና ከ110,000 የሚበልጡ ጥቅሶች ያሉበት ነው። ጆንሰን ተራ ቃላትን ንቆ አላለፈም። ጥቅሶቹን ፊት ለፊት ደርድሮ ቃሉ በእያንዳንዱ ቦታ ምን እንደሚል ከለየ በኋላ ፍቺዎቹን በቍጥር አስቀመጠ። ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። የፈረስን የእግር ክፍል ስም ከጕልበት ጋር አምታቶ ነበርና፣ አንዲት ወይዘሮ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ብትጠይቀው ባለማወቅ ነው ብሎ እንደ መለሰላት ይነገራል። እኔ ይህን መልስ ከብዙ ሊቃውንት መቅድም አስበልጣለሁ።

ስለዚህ ሰው ሳነሣ የአገራችንን ስም አለማንሣት አይቻልም። ጆንሰን በመጽሐፍ መልክ ያሳተመው የመጀመሪያ ሥራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋሉ ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው፤ ከፈረንሳይኛው መልሶ በ1735 ዓ.ም. አሳተመው። እናቱ በሞተችበት በ1759 ዓ.ም. የጻፈው «ራሴላስ» የተባለው ልብ ወለድም ስለ አንድ የአቢሲኒያ ልዑል የሚተርክ ነው፤ ስሙን ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንዳገኘው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። በኦክስፎርድ የተማረው ሲራክ ሥራውን በያዘ ጊዜ ከፊቱ የነበረው እንግሊዝኛ በ18ኛው ምዕተ ዓመት የቀረ እንግሊዝኛ ነበር። በዚያ ዘመን «ኢንቱዚያዝም» የሥራ ፍላጎትና ትጋት ሳይሆን፣ ፈጣሪ ለብቻዬ ገለጸልኝ የሚል ሰው ከንቱ እምነት ነው፤ «ፖምፐስ» ጕረኛ ሳይሆን ግርማ ያለው ነው፤ «ካንደር»ም እውነቱን ፊት ለፊት መናገር ሳይሆን ክፋት የሌለበት ቅን ልብ ነው። የዚያን ዘመን መጽሐፍ የሚተረጕም ሁሉ በየገጹ እንዲህ ያለ ወጥመድ ይጠብቀዋል።

ጆንሰን ግን የመረጠው ደስ ያሉትን ጸሐፊዎች ብቻ ነበር። ቃል ሁሉ የልደትና የዕድገት፣ አንዳንዴም የሞት ታሪክ አለው፤ መዝገበ ቃላትም ይህን ሳያዳላ መመዝገብ አለበት የሚለው ሐሳብ በሥራ የተጀመረው በ1857 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር ሪቻርድ ቼኔቪክስ ትሬንች የተባሉ ካህን በለንደኑ የሥነ ልሳን ማኅበር ፊት ቀርበው፣ እስከዚያ የታተሙት መዝገበ ቃላት ያጐደሉትን ነገር በሁለት ንግግር ዘረዘሩ። ማኅበሩም በጎ ፈቃደኞችን አስተባብሮ የእንግሊዝኛን መጻሕፍት ሁሉ ለማስነበብ ቈረጠ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ኸርበርት ኮልሪጅ በ1861 ዓ.ም. ገና በ30 ዓመቱ ሞተ፤ ሁለተኛው ፍሬድሪክ ፈርኒቫል ብርቱ ቢሆንም ሥርዓት ያነሰው ሰው ነበርና ሥራው ወደ መበተን ደረሰ። በ1879 ዓ.ም. ሚል ሂል በተባለ ስፍራ መምህር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ መሪ ኀላፊነቱን ሲረከብ ከፈርኒቫል ቤት በጆንያና በሣጥን የመጣለት ቍራጭ ወረቀት ሁለት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በአንዱ ጆንያ የሞተ አይጥ ተገኘ፤ በሌላው አይጢቱ ከነልጆቿ ጎጆ ሠርታ ትኖር ነበር። የአንድ ፊደል ወረቀት በሙሉ ጣልያን አገር ፍሎረንስ ከተማ ተቀምጦ ተገኘ፤ የሌላው ፊደል ከፊሉ አየርላንድ ውስጥ እሳት ማቀጣጠያ ሲሆን ደረሱበት። የማኅበር ሥራ እንዴት እንደሚጠፋ የምናውቅ ሁሉ ይህን ስናነብ ሣቃችን ሙሉ አይሆንም።

መሪ በግቢው የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ በግድግዳው ላይ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ትናንሽ መደርደሪያዎች አበጅቶ ወረቀቶቹን ማስለየት ያዘ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር የተገለጠለትም በዚያን ጊዜ ነው። አንባቢዎቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲልኩ የኖሩት ዐይናቸው የያዘውን፣ እንግዳና ብርቅ የሆነውን ቃል ነበር። «አብዩዥን» ለተባለው በአሮጌ ጽሑፍ ብቻ ለሚገኘው ቃል ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ጥቅሶች ተሰብስበዋል፤ ሰው ሁሉ በየቀኑ ለሚናገረው ለ«አብዩዝ» ግን አምስት እንኳ አልሞሉም። ብርቁ ሞልቶ ተራው ጐደለ። መሪና ረዳቶቹ በየመጽሐፉ ተመልሰው ሰው ያላያቸውን ተራ ቃላት በመፈለግ ብዙ ሰዓት አጠፉ፤ ለአንባቢዎቹም ተራ ቃላትን፣ በተለይም ዐረፍተ ነገሩ ፍቺያቸውን የሚያስረዳ ሲሆን፣ እንዲልኩ በአዲስ መመሪያ አሳሰቡ። በዐሥር ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ በአምስት ዓመት ውስጥ ያደረሰው ገና ከመጀመሪያው ፊደል መጀመሪያ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ዓ.ም. ታተመ። መሪ በ1915 ዓ.ም. በቲ ፊደል ላይ ሳለ ዐረፈ። መጨረሻው ክፍል በ1928 ዓ.ም. ሲወጣ 414,825 ቃላትና ከ1,800,000 የሚበልጡ ጥቅሶች ተመዝግበው ነበር።

ከጥቅስ ላኪዎቹ መካከል ዊልያም ማይነር የተባለው የአሜሪካ ጦር ሐኪም ታሪክ ብዙ ስለተጻፈበት እዚህ ላይ አልዘረዝረውም። በአእምሮ ሕመም ሰው ገድሎ ብሮድሙር በተባለው የሕሙማን እስር ቤት የኖረው ይህ ሰው፣ አዘጋጆቹ በየጊዜው የትኛውን ፊደል እንደያዙ እየጠየቀ ለዚያው ሳምንት የሚያስፈልገውን ጥቅስ ይልክ እንደ ነበር ማስታወሱ ይበቃል።

ይህን ያህል ጥንቃቄም ቢሆን ከስሕተት አላዳነም። «ቦንድሜይድ» የተባለው፣ ሴት ባሪያ የሚል ፍቺ ያለው ቃል ወረቀቱ ስለጠፋ ከመጀመሪያው እትም ቀረ፤ የገባው በ1933 ዓ.ም. በወጣው ተጨማሪ ቅጽ ነው። ሳይኖር የኖረም ቃል ነበር። «አባኮት» የተባለው ቃል የእንግሊዝ ነገሥታት የሚደፉት ባለ ሁለት ዘውድ ቆብ ነው ተብሎ በብዙ መዝገበ ቃላት ተገልብጧል። መሪ ወደ ኋላ እየተከተለ ሲመረምር፣ «ባይኮኬት» የተባለ የቆብ ስም በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ተበላሽቶ ታትሞ፣ ተከታዮቹ የተበላሸውን ይበልጥ እያበላሹ የወለዱት ሆኖ አገኘው። ዋልተር ስኪት የተባሉት ሊቅ በ1886 ዓ.ም. ለእንዲህ ያሉት የሙት መንፈስ ቃላት የሚል ስም ሰጧቸው። ነገሥታቱ ያንን ዘውድ በራሳቸው ላይ ደፍተውት አያውቁም፤ ደራሲዎች ግን ሲደፉላቸው ኖረዋል።

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ቤት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ፍርድ ቤት ይምጣ። በ1787 ዓ.ም. በተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ አንቀጽ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ክፍላተ አገሮቹን ዛሬ በቤት ውስጥ በባልና በሚስት መካከል የሚደርስ ጥቃት ከምንልበት ሐረግ እንደሚጠብቃቸው ተጽፏል። በዚያን ዘመን ሐረጉ በአገር ውስጥ የሚነሣ ዐመፅ ማለት ነበር፤ ሰነዱ የተረቀቀውም በማሳቹሴትስ የገበሬዎች ዐመፅ በተነሣ ማግሥት ነው። ይህን የሚያሳስተው ሰው ጥቂት ይሆናል። በዚያው ሕገ መንግሥት ላይ በ1791 ዓ.ም. የታከለው ሁለተኛው ማሻሻያ ግን ብዙ አከራክሯል። ሕዝብ ለ«ቤር አርምስ» ያለው መብት አይነካም ይላል፤ ቃል በቃል መሣሪያ መሸከም ማለት ነው። ነገር ግን በ18ኛው ምዕተ ዓመት ይህ ሐረግ ማንም ሰው ለራሱ ሽጕጥ መያዙን ነው ወይስ በሠራዊት ውስጥ መዝመትን? በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዋሽንግተን ከተማ ሽጕጥን የከለከለችበትን ሕግ ሲመረምር ክርክሩ በዚህ ላይ ዐረፈ። አምስቱን ዳኞች ወክለው የጻፉት አንቶኒን ስካሊያ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር የጆንሰንን መዝገበ ቃላት ጠቅሰው የግለሰብ መብት ነው አሉ፤ አራቱን ወክለው የተቃወሙት ጆን ፖል ስቲቨንስ ሐረጉ የወታደር አነጋገር ነው አሉ። በአንድ ድምፅ ብልጫ የከተማይቱ ሕግ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ዘመን ጽሑፎች በብዛት በኮምፒዩተር ሰብስበው የመረመሩ የቋንቋ ሊቃውንት፣ ሐረጉ በአብዛኛው የሚገኘው በጦር አገልግሎት ፍቺ መሆኑን አሳይተዋል። እኔ የሕግ ሰው ስላልሆንሁ በፍርዱ ላይ አልገባም። በአሠራሩ ላይ ግን አስተያየት አለኝ፤ «ቤር»ን ለብቻው፣ «አርምስ»ን ለብቻው ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ መደመር የሐረጉን ፍቺ አይሰጥም። «ዐይኑን ጣለበት» የሚለውን ዐይንና መጣል ብሎ የሚደምር ተርጓሚ የት እንደሚደርስ እናውቀዋለን።

የኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው እየታደሰ ነው። አዘጋጆቹ እድሳቱን ለማሳተም የጀመሩት ከኤ ሳይሆን ከፊደሉ መካከል፣ ከኤም ነው። ኤ ከመሪ ዘመን ሥራ ሁሉ የመጀመሪያው፣ ሰዎቹም ገና ሙያውን የሚማሩበት እንደ ነበረ ያውቃሉና፣ አሠራሩ ከተረጋጋበት ስፍራ መነሣትን መረጡ።

እኔም ያን የጆንሰን ግጥም ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ይዤዋለሁ። ለ«ኦፊሸስ» «ለሰው የሚታዘዝ» የሚል አስቀምጬ አለፍሁ፤ ሙሉ በሙሉ ባያረካኝም ሟቹን አይሰድብም። በዚያው ዘመን መጻሕፍት እየተመላለሰ የሚያስቸግረኝ ግን «ኮንዲሴንሽን» ነው። ዛሬ ሰውን ዝቅ አድርጎ እያዩ ማነጋገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ትልቅ ሰው ማዕርጉን ለጊዜው ትቶ ከትንሹ ጋር በደግነት መነጋገሩ፣ ሊመሰገንበት የሚገባ ጠባይ ነበር። ጄን ኦስተን በ1813 ዓ.ም. ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ሚስተር ኮሊንስ የተባለው ቄስ እመቤቱን በዚህ ቃል ሲያወድስ ከልቡ ነው፤ ደራሲዋ ግን በእርሱ ላይ እየሣቀች ነው። ስለዚህ ቃሉ በአንድ ገጽ ላይ ምስጋናም ሽሙጥም ይሆናል። «ትሕትና» ብዬ ሞከርሁ፤ ትሕትና ግን የትንሹም ጠባይ ነው። «ራስን ዝቅ ማድረግ» ብዬ ሞከርሁ፤ ሽሙጡ ጠፋ። በረቂቄ ላይ ስፍራው እስከ ዛሬ በእርሳስ ተከብቦ ባዶውን አለ። የተሻለ የሚያውቅ የማኅበራችን አባል ቢኖር በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ቢያሳውቀኝ በደስታ እቀበላለሁ።